ሃሲየንዳን የሚያህል የተደነቀ ጭፈራ ቤት እንዴት ዓመታት ባዶውን አደረ?

ሌሊት_ፕላን፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክታችን አሮጌ መጋዘንን 1500 ሰው ወደሚይዝ ጭፈራ ቤት መቀየር ነው። ስጀምረው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ጨጓራዬን እየላጠው ነው።

ሁሉም ሰው “ሃሲየንዳን አጥኚ” ይለኛል። አጠናሁ። እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር፣ ዊትወርዝ ስትሪት ዌስት ላይ የነበረ ክለብ ነው። ቤቱ በፊት የጀልባ መሸጫ አዳራሽ ነበር። ፋክተሪ ሪከርድስ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያና ኒው ኦርደር የሚባለው ባንድ ገንዘብ አውጥተው ሜይ 21 ቀን 1982 ከፈቱት (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳታደናግሩኝ)። ዲዛይኑ የቤን ኬሊ ነው። ፎቶዎቹን ሳይ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ብርሃን የሚያስገባ መስታወት፣ ሰማያዊ ግድግዳ። የብረት ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ቢጫና ጥቁር በሰያፍ የተቀቡ፣ ፋብሪካ ውስጥ “ተጠንቀቅ” የሚለው ምልክት ማለት ነው። የዳንስ ወለሉ ዳር ላይ መንገድ ላይ የሚተከሉት አጫጭር ምሰሶዎችና አስፋልት ላይ ማታ ማታ የሚያበሩት አንጸባራቂዎች። በቃ፣ መንገድ ነው ቤት ውስጥ ያስገባው። ውጪ ደግሞ ትልቅ የመብራት ማስታወቂያ የለም፣ በር ላይ ስሙ የተቀረጸባት ትንሽ ሰሌዳ ብቻ።

ከዛ ማንበብ ስቀጥል ግራ ገባኝ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙውን ምሽት ባዶ ነበር። ድምፁ አስቀያሚ ነበር። ሰው በደንብ መሙላት የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዲዛይኑ ደግሞ ያው ነው፣ ኮለኑም ያው ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ክለቡን ክለብ ያደረገው ዲዛይኑ ነው ወይስ እኛ የዲዛይን ሰዎች ራሳችንን እያጽናናን ነው? አስተማሪዬን ስለ ድምፅ ስጠይቀው “እሱ የቴክኒሻኑ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ስፔሱ ላይ አተኩሪ” አለኝ። እውነት ነው እንዴ? እኔ ለጊዜው ዲጄውን ከመድረኩ ጎን ደስ የምትል ጠባብ ክፍል ሠርቼለታለሁ።


የገመድ_ሰው፦

እህቴ፣ ያቺን “ደስ የምትል ጠባብ ክፍል” ዛሬውኑ ደምስሻት። ቀልዴን አይደለም።

ሃሲየንዳም ሲከፈት ዲጄውን ያስቀመጡት እንዳንቺው ነበር። ከመድረኩ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ሆኖ በጠባብ ክፍተት ነበር የሚያየው። ሰው ይጨፍር፣ ሰው ይሰልች፣ ሰው ወደ በር ይሂድ፣ በቅጡ አያይም። ዲጄ ማለት እኮ የሰው ፊት እያየ ቀጣዩን ዘፈን የሚመርጥ ሰው ነው። ፊቱን ከከለከልሽው የሠራሽው ሬዲዮ ጣቢያ ነው። በኋላ ነው ወደ ላይ፣ ወደ በረንዳው ያወጡት፣ ከዛ በኋላ ነው ወለሉን ከላይ ሆኖ ማንበብ የቻለው። ስለዚህ “ዲዛይኑ አልተቀየረም” ያልሽው ልክ አይደለም። ለጨፋሪው ዋናው ነገር ተቀይሯል፣ ፎቶ ላይ ግን ኮለኑ ስለሚያምር ማንም ልብ አይለውም።

አሁን ወደ ድምፁ። አስተማሪሽን አክብሪው፣ ግን ይሄን ስሌት አሳዪው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግድግዳው ከስፒከሩ 17 ሜትር ቢርቅ፣ ድምፁ ሄዶ ተጋጭቶ እስኪመለስ 34 ሜትር ነው፣ የሴኮንድ አንድ አስረኛ ማለት ነው። ሃውስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው፣ በየግማሽ ሴኮንዱ አንድ “ዱም”። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ምት እስኪሞት 3 ሴኮንድ ከፈጀ፣ ስድስት ዱም ተደራርቦ ነው የምትሰሚው። ይሄ ሙዚቃ አይደለም፣ ወፍጮ ቤት ነው።

ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። 7 ሜትር! እሱን በመጋረጃና በምንጣፍ አስቆማለሁ ማለት ውሃን በወንፊት መቅዳት ነው። የሚወስነው የክፍሉ ቅርፅ፣ ስፋቱና ግድግዳው የተሠራበት ነገር ነው። እሱን ደግሞ የምታወጪው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ የምጠራው ሁሉም ነገር ካለቀና ከተመረቀ በኋላ ነው።

አንዴ ዙሪያውን እብነ በረድና መስታወት የለበሰ አዳራሽ ስፒከር ግጠም ተብዬ ሄድኩ። ባለቤቱ ድምፁ አይጠራም ብሎ ስፒከሩን ሦስት ጊዜ አስለወጠኝ። ግድግዳው ነው፣ ግድግዳው ነው ብዬ አፌ ደረቀ። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አራተኛ ስፒከር ገዛ።


ማንችስተር_ዝናብ፦

የገመድ ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን ታሪኩን ግማሹን ነው የነገራት። ይሄን ክለብ በድምፁ ብቻ ከፈረድንበት አይገባንም።

እኔ የምኖረው እዚሁ ማንችስተር ነው። ክለቡን አልደረስኩበትም፣ እኔ ስመጣ ፈርሶ አልቋል። ቦታውን ግን በየቀኑ አልፈዋለሁ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ እንወቅ። ቶኒ ዊልሰን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛና ፋክተሪን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ሮብ ግሬተን የኒው ኦርደር ማናጀር ነበር። አንዳቸውም ይሄን የሚያህል ጭፈራ ቤት አስተዳድረው አያውቁም። ባንዱ ኒው ዮርክ ሲመላለስ ከማናጀሩ ጋር ሆነው እዛ ያሉትን ክለቦች አዩ፣ ዳንስቴሪያን፣ ፓራዳይዝ ጋራዥን፣ ፈን ሃውስን፣ እና “ለምን እኛ ከተማስ አይኖርም?” አሉ። በቃ። የንግድ ጥናት የለ፣ ምን የለ። ገንዘቡ የመጣው በአብዛኛው ኒው ኦርደር ዘፈን ሸጠው ካገኙት ነው፣ እና ለብዙ ዓመታት ያንን ገንዘብ ሲውጥ ኖረ።

ለእነሱ ክለቡም እንደ አልበም ነበር። ፋክተሪ ለሚያወጣው ነገር ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። ለዘፈን፣ ለፖስተር፣ ለሁሉም። ክለቡ 51 ቁጥር ደረሰው። ስሙ በላቲን ሲጻፍ መሀል ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች፣ ከታች ጅራት ያላት ሲና አጠገቧ ያለችው አይ፣ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ካየሻቸው 51 ይመስላሉ። ይሄን ያህል ነው የሚጨነቁት። የክለቡ ድመት እንኳን ቁጥር ነበራት፣ 191። ባሮቹን ደግሞ በሰላዮች ስም ሰየሟቸው። አንዱ የኪም ፊልቢ ባር ነው። ምድር ቤት ያለው የኮክቴል ባር የተሰየመው በአንቶኒ ብለንት ነው፣ የንግሥቲቱን ሥዕሎች ሲጠብቅ ኖሮ የሶቪየት ሰላይ መሆኑ በ1979 በአደባባይ በተጋለጠው ሰውዬ። ሰዎቹ ለድመት ቁጥር እየሰጡ ድምፁን የሚያስተካክል ሰው አላሰቡም ብትሉኝ አልከራከርም።

የመክፈቻው ምሽት ላይ በርናርድ ማኒንግ የሚባል ኮሜዲያን ጋበዙ። የሚያወራው በደንብ አይሰማም፣ የሚስቅም የለም። ክፍያውን ትቶላቸው ሄደ ይባላል። ማዶናም በጃንዋሪ 1984 ለቴሌቪዥን ፕሮግራም እዛ ዘፍናለች። ያኔ ዓለም ገና ስሟን እየለመደ ነው።

እና ዲዛይኑስ? እኔ ዲዛይኑ ሠርቷል ባይ ነኝ፣ ቀድሞ መጥቶ ነው እንጂ። ያኔ እንግሊዝ አገር ጭፈራ ቤት ማለት ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ጨለማ፣ ምንጣፍ፣ ቬልቬት ወንበር፣ በሩ ላይ “ጂንስ አይገባም፣ ክራቫት እሰር” የሚል ዘበኛ ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ የፋብሪካ አዳራሽ ይዘው መጡ፣ የፈለግከውን ለብሰህ ግባ አሉ። ማክሰኞ ማታ ሃምሳ ሰው እዛ ውስጥ ሲቆም ምን እንደሚመስል አስቡት። ብርድ ነው። ሰው ሰውን ከሩቅ ነው የሚያየው። መጨፈር የሚያሳፍር ቦታ ነው።

ከዛ 1986 ላይ ማይክ ፒከሪንግ አርብ አርብ ማጫወት ጀመረ፣ “ኑድ” ይባል ነበር ምሽቱ። ባንድ የለ፣ ዝነኛ የለ፣ ዲጄ ብቻ። ከቺካጎ የሚመጣውን ሃውስ ያጫውታል። ትንሽ ቆይቶ ግሬም ፓርክ ተቀላቀለው። 1988 በጋ ላይ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ “ሆት” የሚባል ምሽት ጀመሩ፣ የዳንስ ወለሉ ዳር የመዋኛ ገንዳ አስገብተው ነበር። ያ በጋ ነው ነገሩን የቀየረው። ያው ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ ሰው ጢም ሲልበት ሌላ ነገር ሆነ። መድረኩ ላይ ሰው ይጨፍራል፣ በረንዳው ላይ ይጨፍራል፣ ከፍ ያለው ጣሪያ ስር ጭስና ላብ ይንሳፈፋል፣ ቢጫና ጥቁሩ ኮለን በጭሱ መሀል ብቅ ይላል። ዝነኛ የሚቀመጥበት የተለየ ጥግ አያስፈልግም፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ይሄንን ቬልቬት የለበሰ ጓዳ ውስጥ አታገኙትም።


የገመድ_ሰው፦

@ማንችስተር_ዝናብ ቆንጆ አድርገህ አስቀመጥከው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሰው ሲሞላ ድምፁም ይሻላል። የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይመጥጣል፣ በተለይ ከፍ ያለውን። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሳውንድ ቼክ ሠርቶ ማታ ላይ ሁሉም ነገር ሲቀየርበት ያላበደ ቴክኒሻን የለም። በዛ ላይ ሃውስ ሙዚቃ በባህርዩ ይቅር ባይ ነው። ግጥም የሚያወራ ዘፋኝ እንደዛ ባለ አዳራሽ ውስጥ ይሞታል፣ በየግማሽ ሴኮንዱ የሚደልቅ ከበሮ ግን እንደምንም ያልፋል።


ዲስኮ_ናፋቂ፦

ስለ ማንችስተር ብቻ ስታወሩ እኔ እዚህ ልፈነዳ ነው። ስቱዲዮ 54 የት ሄደ?

ኒው ዮርክ፣ ምዕራብ 54ኛ መንገድ፣ ቁጥር 254። ቤቱ በ1927 ኦፔራ ቤት ሆኖ ነው የተሠራው፣ ከዛ ሲቢኤስ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ አደረገው። ስቲቭ ሩቤልና ኢያን ሽሬገር በሳምንታት ውስጥ ወደ ክለብ ቀይረው ኤፕሪል 26 ቀን 1977 ከፈቱት። እና ብልህነታቸው የት ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቲያትር ቤቱን አላፈረሱትም! ከመድረክ በላይ መጋረጃና ትዕይንት የሚያወጣው የሚያወርደው ገመድ ሁሉ እንዳለ ነው። የቲያትር መብራት ሰዎች ናቸው መብራቱን የሠሩት፣ ጁልስ ፊሸርና ፖል ማራንዝ። ስለዚህ ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ ከጨፋሪው በላይ የመብራት ምሰሶ ይወርዳል፣ ጀርባው ይቀየራል፣ ያቺ የኮኬይን ማንኪያ የያዘችው የጨረቃ ምስል ትመጣለች። ፎቅ ላይ ያሉት የተመልካች ወንበሮችም አልተነቀሉም። ድካም ሲሰማሽ ወጥተሽ ተቀምጠሽ ሰዉን እንደ ትያትር ታያለሽ።

33 ወር ብቻ ነው የቆየው በነሱ እጅ። በ1978 ዲሴምበር የግብር ሰዎች ወረሩት፣ ሁለቱም ታሰሩ፣ ፌብሩዋሪ 1980 የመጨረሻው ግብዣ ሆነ። ዛሬ ተመልሶ ቲያትር ቤት ነው። ልብ በይ እህቴ፣ ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል።


ማንችስተር_ዝናብ፦

@ዲስኮ_ናፋቂ ስቱዲዮ 54ን ያስወደደው በሩ ነው። ማን ገባ፣ ማን ቀረ። ያንን ደግሞ ፕላን ላይ አትሥዪውም።


ዲስኮ_ናፋቂ፦

በር ፕላን ላይ ካልተሣለ ምን ሊሣል ነው ታዲያ?


የገመድ_ሰው፦

እናንተ ተከራከሩ። እኔ ወደ ልቤ ክለብ ልሂድ።

ፓራዳይዝ ጋራዥ። ኒው ዮርክ፣ ኪንግ ስትሪት ቁጥር 84። ስሙ እንደሚለው የመኪና ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ ማይክል ብሮዲ፣ ዲጄው ላሪ ሌቫን፣ ድምፁን የሠራው ሪቻርድ ሎንግ። (ዲስኮ ናፋቂ፣ የስቱዲዮ 54ንም ድምፅ የሠራው እሱ ነው፣ ደስ ይበልሽ።) በ1977 ገና ሳያልቅ ግብዣ ጀመሩበት፣ በ1987 ሴፕቴምበር የኪራይ ዘመኑ ሲያልቅ ተዘጋ።

ፎቶ ብትፈልጊ ብዙም የሚያስደምም ነገር አታገኚም። መኪና የሚወጣበት ረጅም ዳገት አለ፣ በመብራት ታጅበሽ ያንን ትወጫለሽ። ገና ከታች ቤዙ በእግርሽ ይገባል። ላይ ስትደርሺ ትልቅ ጨለማ ክፍል ነው፣ በቃ። ወለሉ ለጨፋሪ ጉልበት የታሰበ፣ ስፒከሮቹ ለዛ ክፍል ተብለው የተሠሩ። ሎንግ ለቤዙ የሠራው ሳጥን እስከ ዛሬ “ሌቫን ሆርን” ነው የሚባለው፣ በዲጄው ስም። የዲጄው ቦታ ደግሞ ከፍ ብሎ ወለሉን ፊት ለፊት የሚያይ። መጠጥ አይሸጥም። ውሃ፣ ጭማቂና ፍራፍሬ ነው ያለው። አልኮል ስለማይሸጥ የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት አይመለከተውም፣ እስከ ጠዋት ይጨፈራል። የሚገባው በአባልነት ነው። ብዙዎቹ ጥቁርና ላቲኖ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ነበሩ፣ ሌላ ቦታ በር ላይ ፊት የሚነሳቸው። ለነሱ ቤታቸው ነበር።

ስለ ሌቫን የሚወራው ብዙ ነው። ሰው ወለሉን ሞልቶ እየጠበቀ፣ እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ የመስታወት ኳሱን ይወለውላል ይባላል፣ አቧራ ስላየበት። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ወደ ተሻለና ተሻለ እየለወጠ ድምፁን ቀስ በቀስ ያሳድገዋል ይባላል። ይሄ ሰው ክፍሉን እንደ መሣሪያ ነው የሚጫወተው። እና ከዛ ቤት የወጣው የሙዚቃ ዓይነት እስከ ዛሬ “ጋራዥ” ይባላል። ከኮለን ቀለም ስም የወጣለት ሙዚቃ ታውቃላችሁ?

ማንችስተሮቹ ይሄንን ቤት አይተዋል እኮ! አይተው ተመልሰው የሠሩት ግን ዓይን የሚይዘውን ነው። ጀስቲን በርክማን የሚባል እንግሊዛዊ ዲጄ ግን ያንኑ ጋራዥ ሰምቶ ተመለሰና በ1991 ለንደን፣ ኤለፋንት ኤንድ ካስል፣ ሚኒስትሪ ኦቭ ሳውንድን ከጓደኞቹ ጋር ሲከፍት፣ ቅደም ተከተሉን መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ መብራት፣ መጨረሻ ዲዛይን አደረገው። መጀመሪያ ላይ መጠጥም አልነበረውም። ሌቫን ራሱ መጥቶ አጫውቶበታል፣ በዓመቱ በ1992 ከማረፉ በፊት።


ጥሬ_ሲሚንቶ፦

ሁለት ቀን ሙሉ ሳነብ ነው የዋልኩት፣ አላስቻለኝም። የገመድ ሰው “ጠንካራ ግድግዳ ጠላት ነው” የሚለውን ነገር ትንሽ እንዳታጋንነው። በርግሃይን ምን ልትለው ነው? በርሊን ያለው። በ1950ዎቹ የተሠራ የማሞቂያና የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ ነው። ከ2004 ጀምሮ ክለብ ነው። ጣሪያው 18 ሜትር ነው። ኮንክሪትና ብረት። አንተ ባልከው ስሌት ወፍጮ ቤት መሆን ነበረበት። የሄደ ሁሉ ግን ስለ ድምፁ ነው የሚያወራው።

ምክንያቱ ስፒከሮቹ ናቸው፣ ስፒከሮቹ የቆሙበት ቦታ። ከሩቅ መድረክ ላይ ሆነው አዳራሹን አይጮሁበትም። ወለሉ ዙሪያ ቆመው ወደ መሀል፣ ወደ ጨፋሪው ነው የሚያዩት። ወደ ጆሮሽ መጀመሪያ የሚደርሰው ቀጥታው ድምፅ ከሆነና በጣም ከበለጠ፣ ከግድግዳ የሚመለሰው ብዙ አያስቸግርም። በዛ ላይ ወለሉ ሙሉ ሌሊት ሰው ነው።

ሌላው ደግሞ ስልክ። በር ላይ የስልክሽን ካሜራ በስቲከር ይሸፍኑታል። ፎቶ የለም። ሃሲየንዳ በፎቶው ነው የምናውቀው፣ በርግሃይንን በወሬ።


የገመድ_ሰው፦

@ጥሬ_ሲሚንቶ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ልክ ነህ። ግን እዛም ቢሆን ስፒከሩ የት እንደሚቆም ቀድሞ ታስቦበት ነው። እኔን ሁልጊዜ “ስፒከሩን እዛ ጥግ ላይ ደብቀው፣ ዲዛይኑን ያበላሻል” ነው የሚሉኝ።


ሌሊት_ፕላን፦

ጓዶች፣ እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ፕላኑን ስቀይር አደርኩ። የዲጄውን ክፍል አፈረስኩ (ጋሽ ገመድ፣ ደስ ይበልህ)። አሁን ዲጄው ከፍ ብሎ ከወለሉ አጭር ጎን ነው ያለው፣ ሁሉንም ያያል። አራት ስፒከር ወለሉ ዙሪያ አቆምኩ። ከስፒከሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ሰበር ሰበር አደረግኩት፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ እንዳይመለስ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀረ። @ማንችስተር_ዝናብ፣ ከ1988 በኋላ ሞልቶ ነበር ካልከኝ፣ ለምንድን ነው ገንዘብ ያላገኘው? በየሳምንቱ ረጅም ሰልፍ እያለ?


ማንችስተር_ዝናብ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን አያስደስትም።

ጭፈራ ቤት የሚኖረው ከመጠጥ ሽያጭ ነው። ያ ትውልድ ግን ኤክስተሲ የሚባል የዕፅ ክኒን ውጦ ነው የሚጨፍረው፣ የሚጠጣው ውሃ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ባሩ ባዶ። ገንዘቡን የሚወስዱት ክኒኑን የሚሸጡት ናቸው። እነሱ ደግሞ ጋንግ ናቸው፣ በሩን መቆጣጠር ፈለጉ፣ ሽጉጥ መጣ። በ1989 አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እዛው ክኒን ወስዳ ሞተች። ፖሊስ ፈቃዱን ሊነጥቃቸው ተነሳ። በ1991 ጃንዋሪ ራሳቸው ዘግተው በሜይ እንደገና ከፈቱ፣ በር ላይ የብረት መፈተሻ አቁመው። ፋክተሪ ራሱ በ1992 ከሰረ። ክለቡ እየተንገዳገደ እስከ ጁን 1997 ደረሰ።

ከዛ ቤቱ ባዶ ቆሞ ቆየና በ2000 ዕቃው ለበጎ አድራጎት በጨረታ ተሸጠ። ሰዎች የዳንስ ወለሉን ጣውላ እየቆራረጡ ገዙ። የኒው ኦርደር የቤዝ ተጫዋች ፒተር ሁክ ከዛ ጣውላ ላይ የጥቂት ቤዝ ጊታሮች አንገት ፊት አሠርቶበታል። ጣትህን የምታሳርፍበት እንጨት ላይ የሴት ጫማ ተረከዝ የበሳው ጉድጓድና የሲጋራ ቃጠሎ ይታያል። እኔ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው የሚደንቀኝ።

በ2002 አፈረሱት። አሁን አፓርታማ ነው፣ ስሙን ግን ወስደውታል። ሲሸጡት የተጠቀሙበት ማስታወቂያ ጭፈራው ስላለቀ አሁን ወደ ቤት መምጣት ትችላላችሁ የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ቀልድ ከሻጭ አይጠበቅም። በቦዩ በኩል ስትሄዱ ግድግዳው ላይ የክለቡ ታሪክ ዓመት በዓመት በብረት ተጽፎ ታያላችሁ። እኔ ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ ቆሜ አነበዋለሁ። ዝናብ ከሌለ።

በነገራችን ላይ በ2012 ለንደን ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለ እንግሊዝ ዲዛይን ኤግዚቢሽን ሲያሳይ የሃሲየንዳን ወለል ቁራጭ መልሶ ሠርቶት ነበር፣ ኮለኑንም ሁሉንም፣ በራሱ በቤን ኬሊ። ንጹህ፣ የሚያበራ።


ኮት_ተቀባይ፦

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኔ ዲዛይነርም ዲጄም አይደለሁም፣ ትልቅ ጭፈራ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ኮት ስቀበል ኖሬያለሁ። ስለ ኮለን ስታወሩ አንድም ሰው ስለ እኛ አላወራም።

እህቴ፣ 1500 ሰው ማለት ብርድ ባለበት ወር 1500 ጃኬት ማለት ነው። አንድ ጃኬት ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶ ለመስቀል በጣም ቀልጣፋ ከሆንሽ 10 ሴኮንድ ይፈጃል። አባዢው። 15,000 ሴኮንድ። አንድ መስኮት ካለሽ ከአራት ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ሲገቡ ብቻ። ሲወጡ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ነው የሚመጣው፣ ግማሹ ቁጥሩን ጥሏል፣ ግማሹ “ጥቁር ጃኬት ነው” ይልሻል። ሁሉም ጥቁር ጃኬት ነው።

እኔ የነበርኩበት ቤት ኮት ማስቀመጫው ከመግቢያው ጋር አንድ ኮሪደር ነበር። የሚገባው፣ የሚወጣው፣ ሽንት ቤት የሚሄደው ሁሉ እዛ ይገናኛል። በየሳምንቱ ጠብ ነው። መንገዶቹን ለያዪአቸው። ስንት መስኮት ነው የሣልሽው?


ሌሊት_ፕላን፦

አንድ።


ኮት_ተቀባይ፦

እንደዛ ጠርጥሬ ነበር። አራት አድርጊው፣ አሁንም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዛ ሽንት ቤቱን አሳዪኝ።